ኮርኒሱን አንኳኳ ሲሉኝ

ይህን ታሪክ እስካሁን ለሦስት ሰው አውርቼዋለሁ። ሦስቱም ሳቁብኝ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻ የዚያን ቀን ሂሳብ ሳስታውስ ሳቄ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል።

ቦታው ጣልያን አገር፣ ከኮሞ ሐይቅ ወደ ኢንቴልቪ ሸለቆ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስሟን አልናገርም። የቀጠረኝን ድርጅትም አልጠራም፤ እንጀራዬ አሁንም እዚያው ነው። ሥራችን የባሮክ ዘመን ስቱኮ መጠገን ነው። አዲስ አበባ ስቱኮ ስንል ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግድግዳው የሚለቀለቀውን ማለታችን ነው። እዚህ ስቱኮ ማለት መልአክ ነው። የአበባ ጉንጉን ነው። ነፋስ የገባበት የሚመስል፣ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ መጋረጃ ነው። ይህ ሁሉ ከኖራ፣ ከጀሶ፣ ከአሸዋና ከእብነ በረድ ዱቄት።

አገር ቤት ለሳኝ ነበርኩ። ስንት የኮንዶሚኒየም ክፍል እንደለሰንኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እዚህ ግን የገባሁት በጉልበት ሠራተኝነት ነው። ኖራ ማጥለል፣ ባልዲ ማቀበል፣ አቧራ መጥረግ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ከረጢት አሸከሙኝ። ላዩ ላይ “ጄሶ” ይላል። ሳቄ መጣ። ቃሉን እኮ የወሰድነው ከነሱ ነው። እኛ ጋ ጀሶ ስሙ የሚነሳው ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ ተያዙ የሚል ዜና ሲመጣ ነው። እነሱ መልአክ ይሠሩበታል።

ደግሞ ጀሶ ብቻ አይደለም። ቱቦም የነሱ ነው፣ ፌሮም የነሱ ነው። የሳይቱን ጣልያንኛ ግማሹን አገሬ ተምሬው ነው የመጣሁት ብዬ ኮራሁ። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ኩራት ነው።

አለቃችን የጥገና ባለሙያ ናት። ሁሉም “ዶቶሬሳ” ነው የሚላት፤ ለተማረች ሴት የሚሰጥ የማዕረግ ስም ነው። (በአፌ እርስዎ ነው የምላት፣ በልቤ አንቺ። እዚህ የምጽፈው በልቤ ነው።) ሥራዋን ግን ታውቃለች፤ ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። ማንኳኳትን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ማንኳኳት ቀላል ይመስላል። ስቱኮው ከጀርባው ካለው ጡብ ጋር እንደተጣበቀ ከሆነ በጣት አንጓ ሲመቱት ድምፁ ድፍን ነው። ለቆ አየር ከገባበት ይጮኻል። እናቴ ምጣድ ስትገዛ ገበያ መሀል ቁጢጥ ብላ ኳ ኳ ታደርገው ነበር። ልዩነቱ፣ ምጣድ ላይ ጥርት ብሎ የጮኸው ጤነኛው ነው። ስቱኮ ላይ የሚጮኸው በሽተኛው ነው። እኔ በጆሮዬ የለየሁት በከበሮ ነው። እንደ ከበሮው ትንሹ አፍ ከጮኸ ቆዳው ብቻ ነው የለቀቀው። እንደ ትልቁ አፍ ካጉረመረመ ከኋላው ትልቅ ባዶ አለ። ይህን ለዶቶሬሳ ነግሬያት አታውቅም። ሪፖርት ላይ ታስገባዋለች ብዬ ነው።

የሰማነውን በታተመ ፎቶ ላይ በእርሳስ እንቀባለን። አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ይጠበቅ፣ ቀይ አደጋ።

አንድ ሐሙስ ማታ ዶቶሬሳ ሄልሜቷን አውልቃ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ። “ነገ ቢሮ ነኝ። አንተ ኮርኒቼውን አንኳኳልኝ። ሁሉንም። አንድም ቦታ እንዳትዘል።”

ኮርኒቼ። ኮርኒስ።

ጣሪያ በጣልያንኛ ሶፊቶ እንደሚባል አታውቅም ነበር ወይ እንዳትሉኝ። አውቃለሁ። ግን ያደግኩበት ቤት የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበረው። ሌሊት አይጥ ሲሮጥበት በጨርቁ ላይ የእግሩን ቅርጽ እያየን ነው ያደግነው። ኮርኒስ የሚል ቃል ጆሮዬ ሲገባ ዓይኔ ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ኮርኒቼ እነሱ ጋ ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ላይ ዙሪያውን የሚሄደው ወጣ ያለ ጠርዝ መሆኑን ያወቅኩት ሰኞ ነው።

ዓርብ በማለዳ ጀመርኩ። ጎማ ያለው ስካፎልዲንግ ነበረን። አልባኒያዊው ባልደረባዬ ይገፋዋል፣ ጎማውን ይቆልፋል፣ እኔ እወጣለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ እወርዳለሁ። እንደገና። እሱ ቃሉን አሳምሮ ያውቀው ነበር። ለምን እንዳልነገረኝ በኋላ ስጠይቀው “ጣሪያውንም የጨመረችልህ መሰለኝ” አለ።

አንገቴ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። ግን እውነት ለመናገር ከሥራ ቀኖቼ ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ቀን ነው። ከታች ሆነህ የምታየው ነጭ ነገር ነው። ላይ ስትወጣ ሰው ታያለህ። አንድ ደመና ጀርባ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ከታች ማንም አያየውም ብሎ ሳያለሰልሰው ትቶታል። እኔም ደረጃ ቤት ስለስን በር ጀርባ የተውኩት ስንት አለ። አንዱ ጉንጉን ላይ ቅጠሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በቅርጽ ማውጫ ተጭነው የወጡ ናቸው። ፊቶቹ ግን አንዱም አንዱን አይመስልም። እነሱ እዚያው ላይ፣ በእጅ፣ ሳይደርቅባቸው ነው የተሠሩት። ጀሶ ብቻውን ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፣ ፋታ አይሰጥም። ኖራ ብቻውን ደግሞ ቀናት ያስጠብቃል። ሁለቱን አመጣጥኖ መላእክቱን ፈገግ እስኪሉ ድረስ ማለስለስ ነው ሙያው።

የሸለቆው ሰዎች ሙያቸው ይኸው ነበር። በጸደይ መንደሩን ለቀው ይወጣሉ። ክረምቱ ሲመጣ፣ ኖራ በውርጭ ስለማይያዝ፣ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እርሻውን ሴቶቹ ይይዙታል። ከእነዚህ መንደሮች አንዷ ስካሪያ ናት፤ የካርሎኔ ቤተሰብ ከዚያ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ካርሎኔ በፈረንጆቹ 1662 የተቃጠለው፣ ጀርመን ያለው የፓሳው ካቴድራል ሲታደስ ስቱኮውን የሠራ ነው። ዲዬጎ ካርሎኔ ከአልፕስ ማዶ ዋይንጋርተንና አይንዚደልን ድረስ እየሄደ ሠርቷል። ወንድሙ ካርሎ ሠዓሊ ነበር። ሁለቱም በየአገሩ ከተንከራተቱ በኋላ የመንደራቸውን የቅድስት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አስጊጠዋል። ከሉጋኖ ሐይቅ አካባቢ የሄደው ፔርቲ ደግሞ ከሮማዊው ጋሊ ጋር ቪልኒየስ ድረስ ዘልቆ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ2,000 በላይ ምስሎች ያሉበት ሥራ ጥሏል። ሊትዌኒያ! በዚያ ዘመን መንገድ! እነዚህ ሰዎች በየአገሩ ስንቱን ቃል ተሳስተው ሰምተው ይሆን እያልኩ ነበር ሳንኳኳ የዋልኩት። በዚያው ሰዓት እኔ ራሴ ተሳስቼ እንደሰማሁ አላወቅኩም።

በኛ ሰዓት ዘጠኝ ግድም ከመሀለኛው የሰው መቀመጫ በላይ ካለው መልአክ ደረስኩ። ሕፃን መልአክ ነው፤ አንድ እግሩን ከደመናው አውጥቶ አንጠልጥሏል። ደመናውን አንኳኳሁት። ትልቁ አፍ።

ጭኑን አንኳኳሁት። ትልቁ አፍ። ወገቡ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች፤ ጠርዟ ቡናማ ነው። ቡናማ ሲታይ ሚስማር ነው። እነዚህ መላእክት ሆዳቸው ሲከፈት የጡብ ስባሪ፣ ከሰል፣ እንጨትና ብረት ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ብረቱ ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ የያዘውን ራሱን ይሰነጥቀዋል። ያ ሕፃን የተንጠለጠለው በልማድ ነበር ማለት ይቻላል።

የድሮውን የምርመራ ወረቀት አወጣሁ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ማን እንደመረመረው አልናገርም። መሬት ቆሞ በአቅርቦ ማያ እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። ፊርማው በጣም ያምራል።

ለዶቶሬሳ ደወልኩ፤ አላነሳችም። እንደገና ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ የሚል መልእክት መጣ። እሑድ ቅዳሴ አለ። ከባልደረባዬ ጋር መከርንና ስካፎልዲንጉን ልክ ከመልአኩ ሥር ገፍተን ጎማዎቹን ቆለፍናቸው። ከሥሩ የነበሩትን መቀመጫዎች ወደ ዳር አወጣናቸው። ቄሱ መጥተው ተቆጡ። እኔ እጄን ወደ ላይ ጠቆምኩ። እሳቸው ያሳየኋቸው ሰማዩን መሰላቸው መሰለኝ፣ አማትበው ሄዱ።

ሰኞ ዶቶሬሳ መጣች።

“ኮርኒቼው አለቀ?”

“አልቋል።” ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። ኮርቻለሁ።

አንዱን አየች። ሁለተኛውን አየች። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ምናልባት ጀርባው ላይ ይኖራል ብላ ይሆናል። “ይሄ ቮልታው ነው” አለች። ቅስት ጣሪያው ማለቷ ነው።

“አዎ። ኮርኒሱ።”

“ኮርኒቼ!” አለችና ክንዷን ዘርግታ ያንን ጠርዝ ከመንበሩ እስከ በሩ አሳየችኝ። ጥግ እስክትደርስ ተከተልኳት በዓይኔ። ከዚያ ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። “ቮልታ!” እንደገና ወደ ጎን። “ኮርኒቼ!” እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሆነችው። አልባኒያዊው ባልዲ ማጠብ ጀመረ፤ ባልዲው ንጹሕ ነበር።

“ስምንት ሰዓት” አለች። “ስምንት ሰዓት ሙሉ ያልታዘዘ ሥራ። አንድ ነገር ካልገባህ ለምን አትጠይቅም?”

እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይህች ናት። ካልገባህ ጠይቅ ይላሉ። እኔ እኮ ገብቶኝ ነበር። እንደዚያን ቀን የገባኝ ትእዛዝ የለም። የገባው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

አልመለስኩላትም። “ዶቶሬሳ፣ አንዷን ብቻ ይስሙልኝ” አልኳት።

ወጣች። እኔ ከሥሯ ባለው መሰላል ቆሜያለሁ። አንዴ አንኳኳች። ዝም አለች። ሁለተኛ አንኳኳች። ከዚያ ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችና በእርጋታ ሦስተኛ አንኳኳች። ያንን ድምፅ ሦስቴ ሰማነው።

“ትናንት ቅዳሴ ነበረ?”

“ነበረ።”

“ሰዎቹ የት ተቀመጡ?”

“ዳር ዳሩን።”

ወረደች። ቀለበቷን መልሳ አደረገች። “ግራዚዬ”፣ አመሰግናለሁ፣ አላለችም። ስልኳን አውጥታ ወደ ውጭ ወጣችና ረጅም ሰዓት አወራች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተለመደው ነው። ስንጥቁን በጃፓን ወረቀት አሸግነው፣ መልአኩን ከሥሩ ደገፍነው፣ ክፍተቱን በአልኮልና በውሃ አርጥበን ፈሳሽ ኖራ በሲሪንጅ ወጋነው። የዛገው ሚስማር ወጥቶ የማይዝግ ብረት ገባ። ወገቡ ላይ በሲሚንቶ የተደፈነች የድሮ ጥገናም ነበረች፤ እሷን ለማንሳት የፈጀብን ቀን ለብቻው ታሪክ ነው። ሲሚንቶ ስቱኮ ላይ የለጠፈ ሰው አጋጥሞኝ ቢሆን የምለውን አውቃለሁ።

ለመልአኩ ተጨማሪ በጀት ተፈቀደ። ሪፖርቱ ላይ “ድርጅቱ በራሱ ተነሳሽነት ባካሄደው ዝርዝር ምርመራ” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ተነሳሽነቱ ኮርኒስ የሚል ቃል ነው፤ እሱ አልተጠቀሰም። በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቴ ሲመጣ ዓርብ የለም። ያልታዘዘ ሥራ።

እሑድ ሚላኖ፣ ፖርታ ቬኔዚያ፣ ምሳ ላይ ለጋሼ አወራሁለት። ጋሼ ብዙ ዘመን በዚህ አገር ግንባታ ላይ የሠራ ሰው ነው። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “አንተ ልጅ፣ ኮርኒስ አሉህና ኮርኒስ ደበደብክ!” ቀጥሎ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ኮስተር አለ። “ጠይቀህ ቢሆንማ ያ ድንጋይ የአንዷን አሮጊት አናት ነበር የሚለው።”

“ታዲያ ልክ ነኝ?”

“የምን ልክ! ሁለተኛ ሳትጠይቅ እንዳትሠራ። ያባርሩሃል።” ጉርሻውን ለኔ አጎረሰኝ። አፌ ሞልቶ መከራከር አልቻልኩም።

ዶቶሬሳም ከዚያ ወዲህ ሕግ አውጥታለች። ትእዛዝ ስትሰጠኝ በራሴ ቃል መልሼ እንድነግራት ታደርጋለች። እንደ ንባብ ቤት ተማሪ። መጀመሪያ ላይ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጀመርን። የሥራ ወረቀቱን ሰጠችኝ። በኮምፒውተር የተጻፈው “ኮርኒቼ” ይላል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ “ቮልታም” ተብሎ ተጨምሯል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እንደ ሕጓ ደገምኩላት። “ኮርኒቼ፣ ቮልታም። ስንት ሰዓት ይያዝልኝ?”

“የፈጀውን ያህል” አለችና ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች።