«ሚዲየም» ሲሏችሁ የቲሸርት ቁጥር እንዳይመስላችሁ

ፒያሳ ቶሞካ ቆሞ ቡና የጠጣ ያውቀዋል፤ ወሬ ጥሞ ሁለተኛው ስኒ ሲመጣ እግር ማጉረምረም ይጀምራል። ለእረፍት የመጣ ዲያስፖራ እዚያ ከተገኘ ደግሞ ጥያቄው አይቀርለትም። «እስቲ እውነቱን ንገረን፤ ሥራው ያን ያህል ከባድ ነው? እንግሊዝኛውን እንደሆነ አናጣውም።» አዎ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። ያልተማርነው ፈረንጅ ድካምን በምን በምን ስም እንደሚጠራ ነው። በአማርኛ ድክም፣ ዝል፣ ትክት፣ ስልችት እያልን በየደረጃው የምንለይ ሰዎች ሃርድ፣ ዲፊከልት፣ ታየርድ የሚሉ ሦስት ቃላት ይዘን አውሮፕላን እንሳፈራለን።

ከሥራ ማስታወቂያው እንጀምር። የአሜሪካ መጋዘን «እስከ 50 ፓውንድ ማንሳት የሚችል» ይላል፤ 22.7 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ በሆነበት አገር ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል። አይሳቅ። ኪሎውን ትቶ አጠገቡ ያለችውን ቃል ይፈልግ፤ «ኦኬዥናሊ»፣ «ፍሪኩዌንትሊ» ወይም «ኮንስታንትሊ» ትላለች። መዝገበ ቃላት የመጀመሪያዋን «አልፎ አልፎ» ብሎ ይፈታታል። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ሥራዎችን በመደበበት መለኪያ ግን ኦኬዥናሊ ማለት እስከ ፈረቃው አንድ ሦስተኛ ድረስ ነው። በ8 ሰዓት ፈረቃ ሲሰላ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ፍሪኩዌንትሊ ከዚያ እስከ 5 ሰዓት ከ20 ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ኮንስታንትሊ ነው።

በዚሁ መለኪያ አልፎ አልፎ እስከ 10 ፓውንድ የሚነሳበት ሥራ ሰደንተሪ፣ የመቀመጫ ሥራ ይባላል። እስከ 20 ላይት ነው፣ እስከ 100 ሄቪ፣ ከዚያ ያለፈው ቬሪ ሄቪ። 50 ፓውንዱስ? ሚዲየም! ወገብ የሚቆርጠውን ሥራ መካከለኛ ብለው ጽፈውታል። ይህን ያየ ሰው ፈርቶ «ላይት ሥራ ፈልጉልኝ» እንዳይል ደግሞ፣ «ላይት ዱቲ» የሚሉት ሥራ ላይ ተጎድቶ እስኪያገግም ድረስ ለሚመደብ ሰው ነው። ገና ሳይቀጠር ታሟል ያሰኛል።

የቀሩት ቃላት አጭር ናቸው። «ፋስት ፔስድ» ካለ ሰው ጎድሏል፤ የጎደለውን የምትሠራው አንተ ነህ። «ፍሌክሲብል» ካለ የሚታጠፈው ያንተ ሰዓት ነው። «ግሬቭያርድ ሺፍት» ቃል በቃል የመቃብር ፈረቃ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም ነው።

ውርደቱ ያለው ሲቪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ፎቅ ሲገነባ የዋለ ልጅ «የጉልበት ሥራ» የሚለውን «ሃርድ ሌበር» ብሎ ይገለብጠዋል። ፈረንጅ ጆሮ ላይ ሃርድ ሌበር የወህኒ ቤት ቃል ነው፤ ዳኛ ከእስራት ጋር የሚፈርደው፣ ድንጋይ መፍለጥ። «3 ዓመት፣ ሃርድ ሌበር» የሚል ወረቀት የደረሰው ቀጣሪ «በምን ወንጀል?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚባለው ማኑዋል ሌበር ነው። «ደይሊ ሌበረር» የምንላትም የአገር ቤት እንግሊዝኛ ናት፤ እነሱ ደይ ሌበረር ይላሉ። እኔን ብትጠይቁ ሁለቱንም ትቶ ሥራውን መጻፍ ይሻላል፤ ብሎኬት ማመላለስ፣ አርማታ ማቡካት፣ በቀን ስንት ከረጢት፣ ስንተኛ ፎቅ ድረስ። ቁጥር ያስከብራል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ሃርድሊ» ነው። ኩዊክ ኩዊክሊ ከሆነ ሃርድም ሃርድሊ ይሆናል ብሎ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ያለ ሰው «ሥራ እምብዛም አልነካም» ብሎ መሰከረ። ሁለተኛው ቃል መጨረሻ ላይ የሚገቡት ኢድና ኢንግ ናቸው። ደከመኝ ስንል ድካሙ እኛ ላይ እንደመጣ ነው የምንናገረው፤ ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ማን ማንን እንዳደከመ ይጠፋብናል። «አይ አም ታየሪንግ» ማለት «እኔ አድካሚ ሰው ነኝ» ነው፣ «አይ አም ቦሪንግ» ደግሞ ጓደኛ የሚያሳጣ። አድካሚው ሥራ ኢንግ ይወስዳል፣ የደከመው ሰው ኢድ። በአማርኛ አድካሚ የሚያሰኝ ከሆነ ኢንግ ነው ብሎ መያዝ ይበቃል።

የከባድነት ቃላቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ባክብሬኪንግ ለጉልበት ሥራ ብቻ ነው (እነሱ ጀርባ ይሰብራሉ፣ እኛ ወገብ እንቆርጣለን)። ቲዲየስ ክብደት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ብሎን በቁጥር መለየት ዓይነት አታካች ነው። ታክሲንግ ከታክሲ ሳይሆን ታክስ ከሚለው፣ ከግብር ነው የመጣው፤ የአራት ኪሎን የታክሲ ሰልፍ ያየ ግን ዝምድና ቢጠረጥር ልክ ነው። ስትሬኑየስ ሐኪም ወረቀት ላይ ይገኛል፤ «ስትሬኑየስ ነገር አትሥሪ» የተባለች እናት ብርድ ልብስ በእጅ ማጠብም እንደሚጨምር ይነገራት። የሚገርመው ግሩሊንግ ነው። ግሩል ማለት ቀጭን ገንፎ፣ የእኛ አጥሚት ዘመድ ነው። እኛ አራስ የምንጠግንበትን እነሱ «ግሩሉን ቀመሰ» ብለው የቅጣት ስም አደረጉት፤ ግሩሊንግም ከዚያ ወጣ።

ቢሮ የገባ ደግሞ ዲፊከልት የምትለውን ይጠንቀቃት። ሰው ላይ ከተነገረች ነገረኛ ማለት ናት። ሥራው አልገፋ ሲል የሚባለው ቻሌንጂንግ ነው፤ ፈረንጅ ሊሞት ሲል ራሱ ቻሌንጂንግ ነው የሚለው።

ሰላምታቸውም ግራ ያጋባል። እኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስናይ «ያበርታህ» እንላለን፤ አሜሪካዊ ካርቶን ተሸክመህ ሲያገኝህ «ዶንት ወርክ ቱ ሃርድ» ብሎ ያልፋል። ቀልድ ነው። አለቃም ሲወጣ «ቴክ ኢት ኢዚ» ካለ ደህና ሁን ማለቱ ነው፤ እረፍት ተሰጠኝ ብሎ ካርቶን ላይ የተቀመጠ ሰው ይጠየቅበታል። አይዞህ ሊሉ ሲፈልጉ «ሃንግ ኢን ዜር» ይላሉ።

ዲቪ የሞላችሁ፣ መጋዘን ከቀናችሁ «ሬት ስንት ነው?» በሉ። በሰዓት ስንት ዕቃ ይጠበቅብኛል ማለት ነው። ፊት ለፊት መልስ ካላገኛችሁ ብዙ ነው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፤ ያው 50 ፓውንድ። በርበሬና ሽሮውን ሞልታችሁ፣ ከመሬት ወደ ጠረጴዛ፣ በደቂቃ አንዴ፣ ለ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አንሱት። 160 ጊዜ ይሆናል። ይቺ «አልፎ አልፎ» ናት።