ታንኳ፣ ባስ እና «ኳ»

ሰው ስለ አሳ ማጥመድ ሲያወራ ያው ስለያዘው አሳ ነው የሚያወራው፣ እጁን ዘርግቶ «ይሄን ያክላል» ይላል፣ በወሩ ስታገኙት ደግሞ እጁ ትንሽ ሰፍቷል። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንዲት ድምጽ ነው ላወራችሁ የፈለግኩት። «ኳ»። በቃ ይቺ ናት። መቅዘፊያው የታንኳውን ጠርዝ ሲመታ የምትወጣዋ ድምጽ።

ታንኳ ከመያዜ በፊት ባስ (አዳኝ የሆነ የሐይቅ አሳ ነው) የማጠምደው በሰው ሞተር ጀልባ ነበር፣ ሶናር ምናምን ያለው፣ አሳዎቹ ስክሪን ላይ እንደ ቅንድብ ጎበጥ ጎበጥ ብለው የሚታዩበት። ደስ ይል ነበር አልዋሽም። ግን ሐይቁን አላየሁትም ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ውዬ ነው የምመለሰው፣ እሱን ደግሞ ቤቴም አደርገዋለሁ። ከዛ ሁለት ሰው የምትይዝ ያገለገለች ታንኳ አገኘሁና ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምን ያዝክ ብትሉኝ ምንም። ባዶ። አሳው ግን አለ እኮ፣ አያለሁ! ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ሰፋፊ ቅጠሎች ዳር ትንንሾቹ አሳዎች እንደ ፈንዲሻ ፈንጠር ፈንጠር ሲሉ ከስራቸው ባስ እያሳደዳቸው እንደሆነ ይገባችኋል፣ ቀስ ብዬ እጠጋለሁ፣ ልክ መወርወር የምችልበት ርቀት ስደርስ መቅዘፊያዬን አስቀምጣለሁ፣ ኳ። ወዲያው ውሃው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ሞገድ ወደ ጥልቁ ውልቅ ይላል። ሄደ።

ድምጽ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 1,480 ሜትር ነው የሚጓዘው፣ አየር ላይ ግን ወደ 340 ብቻ፣ ማለትም እዛ ታች ያለው ጌታዬ ወሬው ፈጥኖ ነው የሚደርሰው። በዛ ላይ ባስ ጎን ለጎኑ ከጆሮ ግንዱ አካባቢ እስከ ጅራቱ የተዘረጋች መስመር አለችው፣ በሷ የውሃውን ትንሿን ንዝረት ይሰማል፣ በድፍርስ ውሃ ውስጥ እንኳን ምግቡን የሚያገኘው አንድም በሷ ነው። ታንኳ ደግሞ ምንድነው? ክፍት ከበሮ ነው። በተለይ የአሉሚኒየሙ፣ ወይኔ፣ እሱ ላይ ፒንሳ ጣል ማድረግ ማለት ደወል መደወል ማለት ነው። የሚገርመው ግን ማውራት ያን ያህል ችግር የለውም፣ አየር ላይ ያለ ድምጽ አብዛኛው ውሃው ፊት ላይ ነጥሮ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ከሰው ጋር ከወጣችሁ እንደልባችሁ አውሩ፣ ብቻ እግራችሁን አታንኳኩ።

እናም ዝምታን የጀመርኩት ሰላም ፈልጌ፣ ሜዲቴሽን ምናምን ብዬ አይደለም፣ አሳ ፈልጌ ነው። ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ቆርጬ አነጠፍኩ፣ መቅዘፊያው የሚያርፍበትን ጠርዝ በብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቀለልኩት፣ መልህቋን (ሁለት ኪሎ እንኳን አትሞላም) ከመወርወር ይልቅ ገመዱን በጣቴ መሀል እያሳለፍኩ እንደ ህጻን ማስተኛት ጀመርኩ። አቀዛዘፉንም ቀየርኩ። መቅዘፊያውን ከውሃ ሳያወጡ የሚቀዘፍበት ዘዴ አለ፣ ወደ ኋላ ስባችሁት ስትጨርሱ በስለቱ አዙራችሁ እዛው ውሃው ውስጥ እየሰነጠቀ ወደ ፊት ትመልሱታላችሁ፣ ጠብታ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ታንኳዋ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ መጀመሪያ ላይ ክብ ነበር የምዞረው ሃሃሃ። በአንድ ጎን ብቻ ስትቀዝፉ ታንኳ ወደ ሌላኛው ጎን መጠምዘዟ አይቀርም፣ እያንዳንዱ ቅዝፊያ መጨረሻ ላይ ትንሽ ወደ ውጪ ገፋ አድርጎ ማስተካከል ነው ሚስጥሩ። አንዴ እጅ ከለመደው ግን በኋላ ራሱ ማጥመዱን ትታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀዝፉ አይከፋችሁም።

ከዛ በኋላ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው። ድሮ ስጠጋ ዱብ ዱብ እያሉ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ኤሊዎች ግንዳቸው ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ፣ አንዱ አንገቱን አዙሮ አየኝና ተመልሶ ጸሀይ መሞቁን ቀጠለ። እግረ ረጅሟ ወፍ፣ እንደ ሽማግሌ ትከሻዋን ሰብስባ ዳር ላይ የምትቆመዋ፣ አምስት ስድስት ሜትር ያህል ስጠጋት አልበረረችም። አንድ ጠዋት የማጥመጃ ዘንጌ ጫፍ ላይ የውሃ ተርብ አርፎ አሳ ቢመጣ እንኳን ላለመሳብ ወስኜ ነበር፣ እውነቴን ነው። እነዚህ ሁሉ ድሮም እዛው ነበሩ፣ እኔ ነኝ እያባረርኳቸው የምሄደው የነበረው።

አሁን ወደ ዋናው። ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው ላይ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ንፋስ በሌለበት። ላርጅማውዝ ባስ (አፉ ከዐይኑ ኋላ ድረስ የሚሄደው ነው፣ ወንድሙ ስሞልማውዝ ደግሞ አፉ አጠር ያለ፣ መልኩ ነሀስ ነሀስ የሚል፣ ድንጋያማ ቦታ የሚወድ) አድፍጦ የሚያጠቃ አሳ ነው፣ ብዙ አይዋኝም፣ የወደቀ ዛፍ ስር ወይ ቅጠል ጥላ ስር ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ፖፐር የሚባለውን እወረውራለሁ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ፊቱ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ያለ የውሸት አሳ ነው፣ ሳብ ስታደርጉት «ብሉክ» ይላል። ወረወርኩ፣ ከቅጠሉ ዳር አንድ ክንድ ርቆ አረፈ፣ ክብ ክብ ሞገድ ሰራ። እዚህ ጋር ነው ሰው የሚቸኩለው። አትሳቡ። ሞገዱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ የመጨረሻዋ ክብ ጠፍታ ውሃው መስታወት ሲሆን ደግሞ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዛ አንድ ጊዜ «ብሉክ»፣ ከዛ እንደገና ዝም። እዛ ዝምታ ውስጥ የራሴን ልብ ምት እሰማለሁ ብላችሁ አጋነነ ትሉኛላችሁ ግን እሰማለሁ። ከዛ ውሃው ይፈነዳል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ለስንተኛ ጊዜ ቢደርስባችሁም ያስደነግጣል፣ እና በድንጋጤ ወዲያው ዘንጉን ከሳባችሁ ፖፐሩ ባዶውን ተስፈንጥሮ ወደ ፊታችሁ ይመጣል፣ ባርኔጣዬ ላይ ያለችው ቀዳዳ ምስክር ናት። ዐይናችሁን ሳይሆን እጃችሁን እመኑ፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ ነው የሚሳበው። ማወቅ አንድ ነገር ነው ማድረግ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ እስከዛሬ ከሶስቱ አንዱን በችኮላ አጣዋለሁ።

ከያዘ በኋላ ደግሞ ከሞተር ጀልባ ጋር የማይገናኝ ነገር ይመጣል፣ አሳው ይጎትታችኋል። ታንኳዋ ቀላል ናት፣ መልህቅ ካልጣላችሁ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ባስ አፍንጫዋን አዙሮ ወደፈለገበት ይወስዳታል፣ እናንተ ክር ታጠነጥናላችሁ ግን እሱ አይደለም ወደ እናንተ የሚመጣው፣ እናንተ ናችሁ ወደሱ የምትሄዱት። ይዘላል፣ ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ታንኳዋ ስር ይገባል፣ ዘንጉን ውሃ ውስጥ እየሰደዳችሁ በአፍንጫዋ በኩል ታዞሩታላችሁ፣ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ፣ ወገባችሁን ሳታዘነብሉ። ውሃው ከክንዳችሁ በታች አንድ ስንዝር ነው ያለው፣ ሲወጣ ፊት ለፊት ነው የምትተያዩት። የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስትይዙት ጸጥ ይላል፣ ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ አይቆርጥም ግን ጣትን ይልጣል፣ ጥሩ ቀን ሲሆን አውራ ጣቴ ተልጦ ነው ቤቴ የምገባው። ትልቅ ከሆነ በሌላኛው እጃችሁ ሆዱን ደገፍ አድርጉት፣ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥላችሁ ፎቶ አትነሱ፣ እጃችሁንም መጀመሪያ ውሃ ንከሩት፣ የሚያሙለጨልጨው ነገር እኮ የቆዳው መከላከያ ነው። ከዛ ልቀቁት። እኔ እለቃለሁ። የሚበላ ሰው ላይ ግን አልፈርድም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ እፈርዳለሁ፣ ጎጆ ላይ። ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ ወደ 16 እና 18 ዲግሪ አካባቢ፣ ወንዱ ባስ ጥልቀት በሌለው ቦታ በጅራቱ አሸዋውን ጠርጎ ክብ ጎጆ ይሰራል፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ነው ቆሞ የሚጠብቀው፣ ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ ጭምር። ከታንኳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል፣ ርቦት አይደለም፣ ሊያባርር ነው፣ እና እሱን ከዛ አንስታችሁ ለፎቶ ሁለት ደቂቃ ስታቆዩት ትንንሾቹ አሳዎች ገብተው እንቁላሉን ይጨርሱታል። አንዳንድ ቦታ በህግ ይከለከላል፣ ሌላ ቦታ ይፈቀዳል፣ እኔ ግን ቢፈቀድም ደስ አይለኝም። ቆሜ አይቼው እሄዳለሁ። (በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ባሶች ሴቶቹ ናቸው፣ ወንዱ እንደዛ ደክሞ እንኳን አያክላትም።)

ስለ ትልቅ ካነሳን፣ የላርጅማውዝ የዓለም ሪከርድ እ.ኤ.አ. 1932 ላይ ነው የተያዘው፣ ጆርጅ ፔሪ የሚባል የአሜሪካዋ ጆርጂያ ወጣት ገበሬ፣ 10 ኪሎ ገደማ። በምን ጀልባ መሰላችሁ፣ በእጅ ከእንጨት በተሰራች! አሳውንም አስመዝኖ ሲያበቃ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። 77 አመት ማንም አልደረሰበትም፣ እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ማናቡ ኩሪታ ትንሽ የሚበልጥ ያዘ፣ ግን ልዩነቱ ደንቡ ከሚጠይቀው ስላነሰ እኩል ተባሉ። አሁን ለውድድር 250 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላቸው ጀልባዎች ሲያልፉ ሞገዳቸው ታንኳዬን እንደ አንቀልባ ሲያወዛውዛት እኔ የፔሪን ጀልባ እያሰብኩ ነው ራሴን የማጽናናው። ምቀኝነት ይኖርበታል፣ ይኑርበት።

ሁሉም ደስታ ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። ንፋስ ጠላት ነው። ብቻችሁን ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ አፍንጫዋ ይነሳና ንፋሱ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ መፍትሄው ታንኳዋን አዙሮ የፊተኛው ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ ነው፣ ያኔ ወደ መሀል ትጠጋላችሁ። ሲብስ ደግሞ መንበርከክ፣ ክብደታችሁ ዝቅ ሲል ባላንሷ ይስተካከላል፣ ጉልበት ግን ያልቃል። ተገልብጬም አውቃለሁ። ንፋስ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የተያዘች መንጠቆ ለማስለቀቅ ቆሜ ጎንበስ ብዬ ነው። ታንኳ ላይ አይቆምም፣ ቢቆምም ጎንበስ አይባልም። ላይፍ ጃኬት ለብሼ ነበር፣ ውሃውም ሞቃት ነበር፣ ያጣሁት አንድ ሳጥን ሙሉ የውሸት ትልና እንቁራሪት ነው፣ ፕላስቲኮቹ ዙሪያዬን ተንሳፍፈው እኔ መሀላቸው ሆኜ፣ አንድ ባስ ከታች ቢያየኝ ምን ይል ነበር እያልኩ ነው ወደ ዳር የዋኘሁት። በቀዝቃዛ ውሃ ጊዜ ቢሆን ግን ቀልድ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት መግባት ትንፋሽ ያሳጣል፣ ዋና መቻል አያድንም፣ ስለዚህ ላይፍ ጃኬቱ ከወንበር ስር ሳይሆን ሰውነት ላይ ይሁን። ነጎድጓድ ከሰማችሁም አንድ ብቻ ብላችሁ አትወርውሩ፣ ውጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ጸሀይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሁሌ የምሄድበት የወደቀ ዛፍ አለ፣ እዛ ስር አንዲት ትልቅ አለች፣ ሁለቴ ክር በጥሳብኛለች። ሀያ ደቂቃ ፈጅቼ ነው የተጠጋሁት፣ መቅዘፊያዬ ከውሃ አልወጣም፣ ጠብታ አላንጠባጠብኩም፣ ኤሊዎቹ እንኳን አልተነሱም። የውሸት ትሉን ከግንዱ ጎን በቀስታ አስገባሁት፣ ክሬ ሲሰምጥ አየዋለሁ፣ ከዛ ክሩ ቆመ፣ እና በዝግታ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ወስዳዋለች! ዘንጉን ዝቅ አድርጌ የላላውን ክር እየሰበሰብኩ፣ አሁን ልስብ ነው፣ አሁን...

ድድድድድድድድ።

ስልኬ። ቫይብሬት ላይ አድርጌ፣ ምንጣፉ ያልደረሰበት ባዶ ወለል ላይ አስቀምጬው። ክሩ ላላ፣ ውሃው ላይ ያቺ የቀስት ጫፍ ታየች፣ ኤሊዎቹ ሁሉም በአንዴ ዱብ ዱብ ዱብ።

አነሳሁት። ጓደኛዬ ነው።

«እሺ፣ ያዝክ?»