ወንዙ ሞልቶ ሳለ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ነገ ከተራ ነው። አራት ኪሎ ከወዲሁ ደምቋል። የሰፈራችን ልጆች ምንጣፋቸውን አውጥተው እያራገፉ ነው፣ አቧራው እስከ መስኮቴ ይመጣል። እኔ ግን ሰሞኑን ልቤ ያለው መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ወደዚያ የመለሳችሁኝ እናንተው ናችሁ። በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝን አነባለሁ። ሥራ ፍለጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የታመመ ወላጅ፣ የተቋረጠ ትምህርት። ብዙዎቻችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ትላላችሁ፦ «መንገዱ ቢከፈትልኝ እኮ እጀምር ነበር።»

እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስ ዳር ደርሷል። የተስፋይቱ ምድር ማዶ ናት። ጊዜው የመከር ወራት ነው ይላል መጽሐፉ። እኛ አገር መከር ሲባል ዝናብ ያባራበት፣ ወንዝም የጎደለበት ወቅት ስለሆነ ይህን ቃል ቶሎ እናልፈዋለን። እዚያ ግን የገብስ መከር የሚደርሰው ክረምታቸው እንዳለፈ ነው፤ ዮርዳኖስ ያኔ ከዳር እስከ ዳር ጢም ይል ነበር። ድልድይ የለም። ሕፃናት አሉ፣ አቅመ ደካሞች አሉ፣ ከብቱና ጓዙም አለ። እና ትእዛዙ ምንድን ነው? ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት ወደ ውሃው ይግቡ!

ቀይ ባሕር ላይ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ነፍሶ ባሕሩ ተከፈለ፣ ሕዝቡም የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዮርዳኖስ ላይ ተራው ተገለበጠ። መጀመሪያ እግር ገባ፣ ከዚያ ውሃው ቆመ። እግዚአብሔር ለአባቶቻቸው ባደረገበት መንገድ አልደገመላቸውም። እኔ እንደማስበው ብዙዎቻችን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌላው ሰው በተከፈተለት መልክ እስኪከፈትልን ቆመን እንጠብቃለን።

ሌላም ነገር አለ። ውሃው የቆመው ካህናቱ አፍንጫ ስር አይደለም። በጣም ርቆ፣ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ እንደ ክምር ቆመ ይላል። ካህናቱ ከቆሙበት ሆነው ያንን ሊያዩ አይችሉም። ይህ ነገር እንዴት እንደሚያጽናናኝ ልነግራችሁ አልችልም። አንተ ዛሬ የምታየው እግርህን የነካውን ውሃ ብቻ ነው፤ የአንተ ጉዳይ የተያዘበት ቦታ ግን ምናልባት ከዓይንህ በጣም የራቀ ነው።

ጃን ሜዳ ራሱ ምስክር ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ክረምቱ እዚያው አለፈበት። የጎመኑና የቲማቲሙ ብስባሽ ከጭቃው ጋር ተቦካ፣ የመኪና ጎማ ሜዳውን አረሰው፣ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበላችሁ ነበር። ገበያው ሲነሳ የ2013 ጥምቀት በር ላይ ደርሶ ነበር። «ዘንድሮስ አይታሰብም» ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እውነትም ላየው አይታሰብም ነበር። ወጣቶቹ ግን አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ይደርሳል ብሎ ማረጋገጫ የሰጣቸው የለም። አንዱ ይዝቃል፣ አንዱ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸከማል፣ እናቶች ዳቦና ሻይ ያቀርባሉ። ጥር 10 ታቦታቱ ጃን ሜዳ ገቡ። እዚያ ሣር ላይ ስትቆሙ ይህን አስቡልኝ።

አንድ ሰው ልጨምር። ዶሮ ማነቂያ ትኖር የነበረች አንዲት ታላቄ አለች፣ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያሳደገች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ደንበኞቿ ሁሉ ተበተኑ። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ማንንም አታውቅም፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። እሷ ግን ሳምንት ሳይሞላት ሊጥ አቦካች። «ለማን ነው የምትጋግሪው?» አልኳት። «እግዜር ያውቃል፣ እኔ ጤፌን ላቡካ» አለችኝ። የመጀመሪያውን እንጀራ በሰፌድ ይዛ ደረጃ ለደረጃ በር እያንኳኳች አስቀመሰች። አሁን ኑሮዋ ሞልቷል አልላችሁም፤ የጤፍ ዋጋ እንደምታውቁት ነው። ግን ምጣዷ አልቀዘቀዘም።

ደግሞ አደራ፣ ዝም ብላችሁ ገደል ግቡ ማለቴ አይደለም። ካህናቱ በራሳቸው ድፍረት አልገቡም፤ ታዘው ነው። ሕዝቡም አስቀድሞ «ስንቃችሁን አዘጋጁ» ተብሏል፣ ሦስት ቀንም ተሰጥቶታል። ሳይጸልዩ፣ ሳይመክሩ፣ የቤተሰብን ጥሪት በአንድ ቀን ማፍሰስን እምነት ብዬ አልጠራውም። ግን ጸልያችሁ፣ መክራችሁ፣ ስንቃችሁን ቋጥራችሁ ስታበቁ አሁንም ዳር ላይ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ እግራችሁን አንሱ። ማመልከቻውን አስገቡ። ሐኪሙ ጋ ሂዱ። ሦስት ዓመት ያላናገራችሁትን ወንድማችሁን ደውሉለት።

ነገ ታቦቱ ፊት የሚያነጥፉትን ልጆች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከአራት ኪሎ ጃን ሜዳ ድረስ የሚበቃ ምንጣፍ የላቸውም። ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ ተሸክመው ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ለሚቀጥሉት ጥቂት እርምጃዎች ይዘረጋሉ። ላብ በላብ ሆነው፣ እየዘመሩ፣ እንደዚያ እያሉ ያደርሱታል።

ዮርዳኖስ መካከል የቆሙት ካህናት ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ እስኪያልፍ ከዚያ አልተነቃነቁም። ታናናሾቻችሁን የምታስተምሩ፣ እናታችሁን የምታስታምሙ፣ ሌላው እንዲያልፍ ብላችሁ ራሳችሁ ውሃው መካከል የቆማችሁ ብዙ ናችሁ። ዘንድሮ የማስበው በተለይ እናንተን ነው። በርቱልኝ።

ነገ ከሰዓት በኋላ ቅድስት ሥላሴን አጅበን በስድስት ኪሎ በኩል ጃን ሜዳ እንገባለን፤ ታላቄም ከነልጆቿ ትመጣለች። አዲስ የምትመጡ ካላችሁ ውሃ ያዙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ። መምጣት የማትችሉ የክርስትና ስማችሁን ጻፉልኝ፣ ስሙን በወረቀት ይዤ እገባለሁ። መልካም በዓል!