አይቼው የማላውቀው ደስታ

ዛሬ ፍየል ስንከትብ ዋልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የበረዶ ሳጥኑ ትከሻዬን ልጦታል፣ አንዷ ፍየል ደግሞ ቀንዷን እጄ ላይ አሳርፋልኛለች። መርፌውን ስሞላ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ደስታ ገባ እንዴ?» አሉኝ። ደስታ ያሉት ከብት የሚጨርሰውን በሽታ ነው።

«ኧረ አይደለም አባቴ፣ ይሄ የበግና የፍየሉ በሽታ ክትባት ነው፣ ደስታ መሰል የሚባለው። የከብቱ ደስታማ ከዓለም ጠፍቷል።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በልጅነታቸው የአባታቸው በሬዎች ዓይናቸው እያለቀሰ፣ አፋቸው ቆስሎ፣ ተቅማጥ አጣድፏቸው እንዴት እንዳለቁ አወሩልኝ። እኔ ይሄን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በዓይኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። (እንዲህ ያለውን መቅሰፍት «ደስታ» ብሎ የሰየመው ሰው መቼም ፈርቶት ነው የሚያባብለው።)

ማታ እጄ ላይ ቅባት እየቀባሁ ዋልተር ፕላውራይት ትዝ አለኝ። እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ኬንያ፣ ሙጉጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆኖ የደስታን ቫይረስ የጥጃ ኩላሊት ሴል ላይ ያሳድጋል፣ ካደገው ቀንሶ ወደ ሌላ ሴል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ዘጠና ጊዜ ያህል አዘዋወረው። ቫይረሱ በመጨረሻ ክፋቱን ረሳ። ከብቱን ሳያሳምም ዕድሜ ልክ የሚጠብቅ፣ በዚያ ላይ ርካሽ ክትባት ሆነ። ዘጠና ጊዜ! እኔ ሦስቴ ሞክሬ እምቢ ካለኝ ሞራሌ ድራሹ ይጠፋል።

ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ ያመጣብን ይኸው በሽታ ነው። ጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ ይባላል። በሬው አልቆ የሚያርስ ሲጠፋ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ የሚባለውም ያኔ ነው።

ፕላውራይት ብቻውን አጠፋው ማለቴ አይደለም። የሱ ክትባት በረዶ ይፈልጋል፣ አፋር በረሃ ላይ ደግሞ በረዶ ከየት ይመጣል? ኋላ ከዚያው ክትባት ሙቀት የሚችል ተሠራና አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በፈረንጆቹ 2011 ደስታ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ሰውዬው ግን በ2010 መጀመሪያ ላይ ሞቷል። ለጥቂት አመለጠው፣ ያናድዳል።

ሽማግሌው «ማን አጠፋው?» ሲሉኝ «ክትባት» ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ስሙ አፌ ላይ አልመጣም። ነገ እዚያው መንደር እንመለሳለን፣ ያልተከተቡ አርባ ፍየሎች ቀርተውናል። ያቺ ተዋጊዋ ተከትባለች፣ ተመስገን።