የማይከፈተው ፋይል

«ልጄ፣ የላክህልኝ ነገር አልከፈት አለኝ፤ ቁልፍ አለው እንዴ?»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት የሚሠሩ ደንበኛዬ ናቸው። በቴሌግራም የላክሁላቸው የቤታቸው ፕላን፣ የቤት ፕላን በምሥልበት በአውቶካድ ፕሮግራም የተሠራ ፋይል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ፕላን ለማየት ብቻ አውቶካድ መግዛት ለአንድ ስኒ ቡና ጀበናውን ከነረከቦቱ እንደ መግዛት ነው።

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተገናኘን። ዲደብሊውጂ ትሩቪው የሚባለውን፣ የአውቶካድ ሠሪ የሆነውን የአውቶዴስክን ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፓቸው ላይ ጫንሁላቸው፤ ያሳያል፣ ያስለካል፣ ያትማል፣ መስመር ግን አያስነካም። (ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ ሲወርድም ትዕግሥት ይፈታተናል። ሻይ ሁለቴ ጠጣን።)

ፋይሉ እንደ ተከፈተ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣታቸው በቀስታ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት ሄደና አንድ መስኮት ላይ ቆመ።

«ይኼ ወደ ምዕራብ ነው አይደል? በድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ አልጋዬ ላይ ሊተኛ ነው?»

እኔ ሳምንታት የደከምሁበትን ሥዕል እሳቸው በሁለት ደቂቃ አነበቡት። ስንቱ ደንበኛ ይሆን ያልተከፈተለትን ፋይል «ጥሩ ነው» እያለ ያጸደቀው?

አሁን መስኮቱን ወደ ሰሜን እያዞርሁ ነው። ማታ ከፋይሉ ጋር ፒዲኤፉንም እልካለሁ።