15 ወይስ 20? ለዳይስ ውርወራ የክብደት ቁጥር ስለ መቁረጥ

እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባህሪ ሚና ይዞ በሚጫወትበት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ተጫዋቹ «ግንቡን ልውጣው» ሲል ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ወደ ጨዋታው መሪ ይዞራል። የዳይሱ ውርወራ ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር የሚቆርጠው መሪው ነው፤ ከአፉ ቶሎ የሚወጣው ደግሞ 15 ነው። 15 ክፉ ቁጥር አይደለም። ክፋቱ ለግንቡም፣ ለቁልፉም፣ ለዘበኛው ማባበያም ያው 15 ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ በሆነው በዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የክብደት ቁጥሩ፣ ተጫዋቾች በአጭሩ ዲሲ የሚሉት፣ በአምስት በአምስት ያድጋል፦ 5 በጣም ቀላል፣ 10 ቀላል፣ 15 መካከለኛ፣ 20 ከባድ፣ 25 በጣም ከባድ፣ 30 ከማይቻል የማይተናነስ። ዳይሱ ላይ የወጣው ከገጸ ባህሪው የችሎታ ጭማሪ ጋር ተደምሮ ቁጥሩ ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈው ተሳካ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ እያንዳንዱ ገጽ 5 በመቶ ስለሆነ፣ አንድ እርከን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 25 በመቶ ዕድል ከተጫዋቹ ላይ ትወስዳላችሁ።

ስያሜዎቹ ግን ያዘናጋሉ። «መካከለኛ» የተባለው 15 ምንም ጭማሪ ለሌለው ገጸ ባህሪ 30 በመቶ ብቻ ነው። «ቀላሉ» 10 ራሱ 55 በመቶ ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። በዕድገቱ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ገጸ ባህሪ በተካነበት ነገር ላይ ብዙውን ጊዜ +5 ይኖረዋል፤ እሱ 10ን በ80፣ 15ን በ55፣ 20ን በ30 በመቶ ዕድል ያልፋል። ጎበዝ የተባለው ሰው በ«መካከለኛ» ሥራ ላይ ግማሽ በግማሽ ሲከሽፍ ጉብዝናው አይታይም። በአምስት እየዘለሉ መቁጠር ግዴታ ስላልሆነ፣ ለጀማሪ ቡድን መነሻውን 13 ማድረግ ይሻላል፦ የተካነው 65፣ ያልተካነው 40 በመቶ ያገኛል፤ ልዩነቱም ሁለቱም ተስፋ ኖሯቸው ይታያል።

አሁን ወደ ግንቡ። ቁጥሩ የግንቡ ነው እንጂ የሚወጣው ሰው አይደለም። ድንጋዩ ተሸራርፎ ለእጅም ለእግርም መያዣ ካለው 10። ያው ግንብ ዝናብ ካረጠበው 15። በልስን የተለሰነና የጣት መግቢያ የሌለው ከሆነ 20። ከላይ የታሰረ ገመድ ካለና የሚያሳድድ ከሌለ ዳይሱን አትንኩት፤ ወጣ በሉና እለፉ።

ብዙ መሪ የሚሳሳተው ገጸ ባህሪያቱ ሲያድጉ ነው። በ17ኛው ደረጃ ያ +5 ወደ +11 ይደርሳል። መሪው «እንዳይቀልባቸው» ብሎ የዚያኑ ግንብ ቁጥር በስድስት ከፍ ካደረገው፣ ተጫዋቹ 16 ደረጃ የለፋው ባለበት ለመቆም ነው። ማደግ ያለበት መሰናክሉ ነው፤ የተሸራረፈው ግንብ ቀርቶ በረዶ የጋገረበት ገደል ይምጣ። አሮጌው ግንብ ግን 10 እንደሆነ ይቆይ፣ ያድርጉትና ይኩሩበት። ሌላው ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም፣ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ቁጥሩ ሥራው በሚጠይቀው የሙያ ልክ ይቆረጣል፣ ላልሠለጠነ 10፣ ለሠለጠነ 15፣ ለባለሙያ 20፣ ለጌታው 30፣ ለዝነኛው 40።

ቁጥር ከመቁረጥ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ቢከሽፍ ምን ይሆናል? መልሱ «ደግሞ ይሞክራል» ከሆነ ዳይሱ ጊዜ ከመግደል በቀር ፋይዳ የለውም። የታሪኩ ቀጣይ ክፍል የተንጠለጠለበትን ደብዳቤ በውርወራ መደበቅም ያው ነው፤ ተጫዋቾቹ አራት ቢሆኑና አራቱም ቢከሽፉ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ደብዳቤውን ስጧቸው፤ ዳይሱ የሚወስነው ዘበኛው ሳይደርስ ማግኘታቸውን ይሁን።

መቁጠር የሚረሳው ደግሞ የውርወራው ብዛት ነው። 55 በመቶ ዕድል ያለው ሰው ሦስት ዘበኞችን ለማለፍ ሦስት ጊዜ ከወረወረ፣ ሳይታይ የሚያልፈው 17 በመቶ ብቻ ነው። አራት ሰው አንዳንድ ጊዜ ወርውሮ አንዱ ከከሸፈ ሁሉም ይያዛሉ ካላችሁ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። በተቃራኒው አራቱም ፍንጭ ፍለጋ ወርውረው የአንዱ መሳካት ከበቃ 96 በመቶ ነው። ቁጥሩ አልተነካም፣ ክብደቱ ግን ከሰማይ እስከ ምድር ተለያየ። ለድብቅ ጉዞ ግማሹ ከተሳካለት ቡድኑ አለፈ የሚለው ሕግ ይሻላል፤ ያንኑ ቡድን ወደ 76 በመቶ ያወጣዋል።

ጨለማውን ሁለቴ አታስከፍሉ። ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መያዝ፣ ማለትም ዲስአድቫንቴጅ፣ 55ን ወደ 30 በመቶ ያወርዳል፤ በዚህ ላይ ቁጥሩን ከ15 ወደ 20 ካወጣችሁት 9 በመቶ ይቀራል። በመሠረቱ አይሆንም ብላችኋል፣ ያውም ሳታስቡት። ደንቡ ቀላል ነው፦ የነገሩ የራሱ ጠባይ (ልስኑ፣ እርጥበቱ) ወደ ቁጥሩ፣ የሰውየው ጊዜያዊ ሁኔታ (ቁስሉ፣ ችቦ ማጣቱ) ወደ ዳይሱ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ዳይስ ነው። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ደምሮ በሚጫወት ሥርዓት አንድ ነጥብ ከባድ ሚዛን አላት፦ 7 እና ከዚያ በላይ 58 በመቶ፣ 8 ከሆነ 42፣ 9 ከሆነ 28። እዚያ ቁጥሩን በሁለት ማንሳት ከዕድሉ ግማሹን መውሰድ ነው።

ቁጥሩን ዳይሱ ሳይወረወር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። 14 ከወጣ በኋላ የሚቆረጥ ቁጥር ስሜት እንጂ ዳኝነት አይደለም፤ ተጫዋቾችም ያውቁታል። 20 ቢወጣ እንኳ የማይሳካ ከሆነ መጀመሪያውኑ አታስወርውሩ፤ ዳይሱ 20 ላይ ሲያርፍ የሚነሳውን ጩኸት በ«አልሆነም» ማፈን የጠረጴዛውን ሙቀት ይገድላል።

በአንድ ወይም በሁለት የጎደለ ውርወራ ደግሞ ባዶ እጅ አይመለስ። 15 ተባለ፣ 14 ወጣ፦ ግንቡ ጫፍ ደርሷል፣ ነገር ግን ቦርሳው ከትከሻው ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከታች አንድ ውሻ ጮኸ።