አምስተኛው ክር

የቅዳሜው ሰርግ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ዘፋኛችን ጉንፋን ይዟት ነበርና መድረክ ላይ ዞር ብላ "ግማሽ ዝቅ አርጉልኝ" አለችን፣ ኢ ከሚባለው ድምፅ ግማሽ እርከን ዝቅ ወዳለው ኢ ፍላት ማለት ነው፣ ለኪቦርድ ምንም አይደለም፣ ቤዝ ጊታር ለምጫወተው ለኔ ግን ወፍራሙ ክሬ ኢ ላይ ያልቃል ከሱ በታች መሬት የለም። ዘፈኗ ደግሞ ትዝታ ናት፣ ቀስ ያለች፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ታች ወርዶ ሲያርፍ እኔ ኤ ክር ስድስተኛ ፍሬት ላይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብዬ፣ ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ ይዤ ቀረሁ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጋሼ ወዲያው ገብቶት በግራ እጁ ታችኛዋን ነካት፣ ስንጨርስም "አይዞህ፣ ሸፍኜልሃለሁ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ግን ያቺ ቦታ የኔ ናት፣ ሌላ ሰው ሲሞላልኝ እንዴት እንዳመመኝ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ታቦር በኩል የሚኖር ቤዚስት ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ባለ አምስት ክር ቤዙን ተዋስኩ፣ አምስተኛው ክር ከኢ በታች የሚወርደው ቢ ነው። "አንተ አሁንም አራት ላይ ነህ? አሜሪካዊው ቤዚስት አንቶኒ ጃክሰን እኮ በፈረንጆቹ 1975 ነው ስድስት ክር ያሠራው" አለኝ። ልክ ነው፣ የጊታር ፋብሪካው ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 አራት ክር አርጎ ስላወጣው ሕግ አይሆንም። ግን እኔ ቤዝ የለመድኩት የሮሃ ባንድን ካሴት እያጠነጠንኩ የቤዝ ተጫዋቻቸውን የጆቫኒ ሪኮን መስመር አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፣ ጣቴ የሚያውቀው አራት ክር ነው።

ሦስት ቀን ሞከርኩት። አውራ ጣቴ ኢ ያለ መስሎት የሚያርፈው ቢ ላይ ነው፣ ቺክቺካው ሲፈጥን ሳላስበው አንድ ክር እስታለሁ፣ በክሮቹ መሀል ያለው ክፍተትም ከ19 ሚሊሜትር ወደ 17 ገደማ ጠቦብኛል። ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን ቢ ሳትነካው ራሱ ማጉረምረሙ ነው፣ ሌላውን ስትመታ አብሮ ይነሳል፣ ሁሌ እጅ ተኝቶበት መዋል አለበት።

ድምፁስ? ባዶው ቢ 31 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፣ ኢ 41። በየአዳራሹ የምናገኛቸው ስፒከሮች 31ን በቅጡ አያወጡም፣ ጆሮ የሚይዘው ከላዩ ያለውን እጥፉን፣ 62ቱን ነው። ይሄን ሳስብ አጎቴ ትዝ አለኝ፣ ጾም ሲገባ በገናውን ያወርዳል፣ መጀመሪያ የሚያስተካክለው እንዚራውን ነው፣ ያቺ ከክሩ ስር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ። አንዴ ፊቴ አወጣትና ያንኑ ክር መታው፣ ዝቅታው ያው ነው ግን ደረት ውስጥ አልገባም፣ መለሳት፣ ገባ። ዝቅታ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፣ ክሩ ከላይም ጥርት ብሎ መናገር አለበት፣ የተዋስኩት ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ስለሆነ ቢው ትንሽ ላላ ይላል፣ የምገዛ ከሆነ 35 ኢንች ነው የምፈልገው፣ ሲረዝም ክሩ ይበልጥ ይወጠራል።

የራሴ ባለ አራት ክር ላይ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ማሰርም አስቤ ነበር። ግን ቀጭኑን ጂ ክር ላጣ ነው፣ ባቲ ላይ በዘፋኟ ትንፋሽ መሀል የምጥላቸው ነገሮች በሙሉ እዛ ናቸው፣ አይሆንልኝም። ኢውን አላልቶ መጫወትም ዘፈን በተቀየረ ቁጥር አያዋጣም።

በቃ ወስኛለሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ 55 ቀን ሰርግ የለብንም፣ ጓደኛዬን ቤዙ እስከ ፋሲካ እኔ ጋ ይቆይ አልኩት እሺ አለ። እስከዛ ድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት እሱን ብቻ፣ እጄ ከተቀበለው የራሴን እገዛለሁ፣ አራቱን ግን አልሸጠውም፣ ወገቡ ላይ ቀለሙ የተላጠው በኔ ክንድ ነው።

ማታ ለዘፋኛችን ደወልኩላት። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰርግ ድምፅሽ ደህና ቢሆንም ያቺን ትዝታ በኢ ፍላት እንሥራት አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ቅዳሜ ከፍቶህ ነበር አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እሺ ወንድሜ፣ በኢ ፍላት" አለችኝ።